ቅሬው ለትምህርት ቤት ደወል የወጣ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ነገሩ ከዚህ አይበልጥም። ጎማ ያረጃል፣ የኮምቦልቻም ሙቀት አይጣል ነው፤ ቢፈነዳ ምን ይደንቃል? የምደንቀው እኔ ነኝ። ስድሳን ካለፍኩ የሰነበትኩ፣ ጡረታ የወጣሁ፣ ደረጃ ስወጣ በየእርከኑ «ቢስሚላህ» የምል ሴትዮ፣ በአንድ እጄ የሎሚ ፌስታል በሌላው ሻርፔን ይዤ ስፈተለክ ራሴን አገኘሁት። ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም። ሎሚው እየተንከባለለ መንገድ ላይ ቀረ፤ አንድ ጫማዬም ከሎሚው ጋር ቀረ። ከኋላዬ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ስሰማ ደግሞ ባሰብኝ፣ ጨመርኩበት። በመጨረሻ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። «ቲቸር! ኧረ ቲቸር! ወዴት ነው የሚሮጡት?» ዞር ስል ቀጠን ረዘም ያለች፣ አረንጓዴ ሂጃብ ያደረገች ልጅ ጫማዬን አንጠልጥላ ታለከልካለች። ራህመት ናት። የድሮ ተማሪዬ ራህመት፣ እኔን ሮጣ ያዘችኝ! ተያየንና እዚያው መንገዱ ዳር ተቃቅፈን በሳቅ ፈረስን። ያየን ሰው ሁሉ አሮጊቷ ለየላት ሳይል አልቀረም። ያሳቀንን ለመናገር ግን ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ከጀመርኩ በቅርብ አልቆምም፤ ልጆቼም በዚህ ነው የሚያሙኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከደወል ነው። የደሴው ትምህርት ቤታችን ደወል የአሮጌ ጭነት መኪና ቸርኬ ነበር፤ ከግቢው ወይራ ቅርንጫፍ ላይ በሽቦ ታስሮ የሚንጠለጠል፣ በብረት ሲመታ ከሰኞ ገበያ አልፎ ሆጤ ድረስ የሚሰማ። እኔ ራሴ በዚያ ቸርኬ ተደውሎልኝ ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ ያውም ሁለት እጅ የሚሞላ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዘይቱ ጋዜጣውን የሚያሳልፍ። ወንዶቹ ካኪ ቁምጣና ሸራ ጫማ ያደርጋሉ፤ ጫማው ሲቆሽሽ ጠመኔ ይቀቡታል፤ ዝናብ ሲመጣ ጠመኔው ታጥቦ ይወርድና የደሴ ጭቃ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል። እኛ ሴቶቹ ፀጉራችንን በኮኮናት ቅባት አስተኝተን፣ ሰማያዊ ዩኒፎርማችንን ከፍራሽ ሥር ከትተን ስንተኛበት አድረን፣ የተተኮሰ አስመስለን እንመጣለን። ጥጉ ላይ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮው የሠርግ ዘፈን ይለቃል፤ እሱን ለመስማት ቆም ስንል ቸርኬው ይጮኻል። ቸርኬው ጮኾ በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ተማሪ የሚቀበለው አለንጋ ነው። ስለዚህ ደወል ስንሰማ እንሮጣለን፤ ግን የምንሮጠው ወደ ውስጥ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያ ቸርኬ ጠዋት ሲመታ ልጅ ወደ ውስጥ ሲሮጥ እንጂ ወደ ውጭ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ፓስቲ ስንት እንደገባ አልናገርም፤ ዘይት የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ዘመን ዘለልን፤ አግብቼ፣ ወልጄ፣ እዚያችው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ልወጣ ስንደረደር ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ ሌሎች ይጻፉ፤ እኔ የማስታውሰው እግሬን ነው። ደሴ ሲጨንቃት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ እሷም ጨንቋት ዕቃዋን ስትሸክፍ አገኘናት። እንግዳና ባለቤት አብረው ተሰደዱ ማለት ነው። አልፎ ስንመለስ የትምህርት ቤቱ ዴስክ ግማሹ ማገዶ ሆኖ፣ ሰሌዳው ተበሳስቶ ጠበቀን። ቸርኬው ግን እንዳለ ነበር። ቸርኬ ማን ይፈልጋል? «አልሀምዱሊላህ፣ ደወላችን ተርፏል» ብለን ተደሰትን። መደሰታችን እስከ መጀመሪያው ቀን ጠዋት ነበር። ዘበኛችን ጋሽ ይመር፣ ከአሮጌ ካፖርቱ ጋር የተወለደ የሚመስለው ሰው፣ በናፍቆት ነው መሰል ብረቱን አንስቶ ቸርኬውን አንዴ አቀመሰው። ግቢ ሙሉ ልጅ መሬት ላይ ተኛ። ክፍል የገባው ዴስክ ሥር ገባ፤ ዴስክ ያጣው እኔ ቀሚስ ሥር ገባ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚያ ልጆች እባቡን በደንብ አይተውታል። እኔም ከልጆቹ ቀድሜ ተጎንብሼ ነበር፤ ግን ጠመኔ የወደቀብኝ አስመስዬ ቀና አልኩ።

አራተኛ ክፍል የነበረችው ራህመት ግን አትተኛም፣ አትደበቅም። ትሮጣለች። ደወል በተሰማ ቁጥር ከክፍል፣ ከግቢ፣ ከሰፈር ወጥታ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ይዛ ትሸመጥጣለች። የክፍሏ ኃላፊ ስለሆንኩ አባራሪዋ እኔ ነኝ። መልኬን ለማያውቅ ልንገር፦ አጭር ነኝ፣ ወፍራም ነኝ፣ ጉልበቴ ያመኛል። በሰኞ ገበያ መሐል፣ በሽንኩርት ክምርና በጎማ ጫማ መደብ መካከል፣ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ የማደርገው ሩጫ ለገበያተኛው የማይጠገብ ትርኢት ሆነ። ሽንኩርት ሻጯ ጓደኛዬ «ፋጤ፣ ዛሬ ዘገየሽ፣ ራህመት ካለፈች ቆየች» ትለኛለች። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ብቅ ብሎ «እትዬ ፋጤ፣ በቀኝ በኩል! በቀኝ!» ይላል። አንዴ እንዲያውም አንድ የማያውቀኝ የገጠር ሰው ልጅቷ የሰረቀችኝ መስሎት ዱላውን ይዞ አብሮኝ ሊሮጥ ተነሳ። «ኧረ ተማሪዬ ናት!» ስለው ዱላውን ዝቅ አድርጎ «ትምህርት እንዲህ ከብዷል እንዴ?» አለኝ።

አንድ ቀን ከከተማው መውጫ ላይ ደርሼባት ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። እኔ ትንፋሼን ስፈልግ እሷ ከኪሷ ቆሎ አውጥታ አቀመሰችኝ። «ራህመትዬ፣ ለምንድን ነው የምትሮጭው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ከኋላ የሚሮጥ ነው የሚጠፋው።»

ቀሪውን የነገረኝ አባቷ ነው። አባቷ አብዱ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ አያቱ ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ናቸው፤ ከእሳቸው የወረሰው ሱቁንና ቶሎ መናደዱን ነው። ያን የሽሽት ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ሕዝቡ ሲገፋ የልጅቷ እጅ ከእጁ አመለጠ። ያገኛት በማግስቱ ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅ ከተሰማ ከሁሉ ቀድሞ መውጣት ነው ሥራዋ። አብዱ የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ እየመታ «ቲቸር፣ ወላሂ እርስዎን አሳፍሬአለሁ» አለኝ። «አንድ ቀን መኪና ይበላታል። ዳግመኛ ከሮጠች ትምህርቱ ይቅር፣ ቢስቲማ እናቴ ዘንድ እልካታለሁ።»

«ቢስቲማም ደወል አለ እኮ።»

«ይኑር!»

«እዚያ ሲደወልስ ወዴት የምትሮጥ ይመስልሃል?»

ትንሽ አሰበና «ወደ ደሴ» አለ በተሸነፈ ድምፅ። ግን ቃሉን አላነሳም፤ እንደሚያደርገውም አውቃለሁ። ልጅቷ ደግሞ የሒሳብ ጭንቅላት ነበራት፤ ከእጄ ብትወጣ ከትምህርት እንደወጣች መቅረቷ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ልጅ «ለጊዜው ነው» ተብሎ ሲሄድና ሳይመለስ አይቻለሁ። ያን ሰሞን ይህ ነበር እንቅልፌን የሚነሳኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ለመምህራን ስልጠና ልትሰጥ መጣች። ወርቅ የሆነች ልጅ፤ እኛ ግን ወርቅ አልነበርንም። «በሆዳችሁ ተንፍሱ» ስትል እኔ ሆዴን አስገብቼ መኖር የለመድኩ ሰው ግራ ገባኝ። ዓይናችንን ጨፍነን ቀስ ብለን ስንተነፍስ የስፖርት መምህሩ አንኮራፋ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ «እሱ ነው የገባው፣ ተዉት ይተኛ» አለች። ክፍል ገብታ ልጆቹን «ዓይናችሁን ጨፍኑና ደኅንነት ወደሚሰማችሁ ቦታ በሐሳብ ሂዱ» ብትላቸው ሁሉም ሄዱ፤ ሲጠሩ ሁሉም ተመለሱ፤ አንድ ልጅ ብቻ ዓይኑን አልገልጥም አለ። ምነው ሲባል «አክስቴ ቤት ነኝ፣ ጨጨብሳ ቀርቧል» አለ። ጨርሶ እስኪመጣ ጠበቅነው። ለእኔ ጆሮ የደረሰው ግን ሌላ ምክሯ ነው። «ቸርኬውን አውርዱት» አለች። «ለጊዜው ሌላ ጥሪ ፈልጉ፤ ልጆቹ ሲረጋጉ ቀስ በቀስ እንመልሰዋለን።»

ቸርኬው ወረደ፤ ችግሩ ምን ይተካው የሚለው ነው። ፊሽካ ሞከርን፤ ፊሽካም ያስደነግጣል። ማጨብጨብ ሞከርን፤ ልጆቹ የተመረቀ ሰው ያለ መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ፣ የገባ የለም። ድምፅ ማጉያው ባትሪ የለውም። ያኔ ጋሽ ይመር ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጡሩምባ አለኝ» አለ። ጋሽ ይመር ከዘበኝነቱ በላይ የሚኮራበት ሥራ አለው፤ የሰፈራችን ቅሬ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ጋሽ ይመር ጡሩምባውን እየነፋ መንደር ለመንደር ይዞራል፣ የሟቹን ስም ይናገራል፤ የሰማ ሁሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ዳይሬክተራችን ከሌላ አገር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ «ሰዉን አያደናግርም?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ይመር ተቀየመ። «የቅሬው ረጅም ነው፤ እየሄድኩ ነው የምነፋው። ይኼን ቆሜ አጭር አደርገዋለሁ። ሰዉ ጆሮ የለውም እንዴ?» እኔም «እውነቱን ነው» አልኩ። በኋላ ይህን ማለቴን ሁሉም ሰው አስታወሰኝ።

ረፋድ ላይ ረፍት ሲያልቅ ጋሽ ይመር ካፖርቱን ቆልፎ በሩ ላይ ቆመ። ጡሩምባውን አነሳ። አጭር ብሎ ጀመረው፤ ግን ሳንባው የስንት ዘመን ልማዱን ከየት ይተወው? ረዘመ። ሲረዝም እግሩ መሄድ ጀመረ። እግሩ ሲሄድ አፉም ሥራውን አወቀና «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ ለቀቀው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሟች ስም ነው። ስም የለም። ጋሽ ይመር እዚያች ቦታ ላይ ስም አጥቶ አያውቅም፤ አፉን ከፍቶ ቆመ፣ ወደ እኛ ዞሮ አየን፣ ላብ አጠመቀው፣ መጨረሻ ላይ በጭንቅ «ትምህርት ቤት!» ብሎ ጮኸ። «ትምህርት ቤት!»

ደሴ ያን ሰሞን ምን ዓይነት ልብ እንደነበራት አስቡት። ሱቅ ሳይዘጋ ተወጣ። ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን በእጇ እንዳንጠለጠለች ትሮጣለች፤ ፀጉር አስተካካዩ ከነምላጩ፣ ደንበኛውም ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ሆኖ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እየተውለበለበ ይከተለዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። የቅሬው ጎረምሶች እንዴት እንደደረሱ አላህ ይወቅ፣ ድንኳኑን በጋሪ ጭነው ደረሱ። አሁን ስናገረው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ያየሁት የእናቶቹን ፊት ነው። ሁሉም በአፋቸው ያልጠሩትን የልጃቸውን ስም በልባቸው ይዘው ነው የመጡት። ምን አደረግን አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

ራህመት በበኩሏ ልማዷን ይዛ ተነስታለች። ጡሩምባው እንደተሰማ ወደ በሩ ተፈተለከች፤ እኔም ከኋላዋ። በሩን አልፋ መንገዱ ላይ ስትወጣ ግን ሕዝቡ ፊት ለፊት መጣባት። ልታልፍ ወደ ግራ አለች፣ ሰው ነው፤ ወደ ቀኝ አለች፣ ሰው ነው። መጨረሻ የተጋጨችው ከአባቷ ሆድ ጋር ነው። አብዱ ሜትሩን እንደ ጎራዴ መዝዞ ነበር የመጣው፤ ጣለው። ራሷን፣ ትከሻዋን፣ እጇን ይዳብሳል። «አለሽ? አለሽ ወይ?» ይላል፤ ዓይኗን እያየ ይጠይቃታል።

የቅሬው ሰብሳቢ «ማን ሞተ?» አሉ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ።

«ማንም» አለ ጋሽ ይመር።

«ማንም ሳይሞት ነው ይኼን ሁሉ ሰው ያስወጣኸው?»

አንዲት አሮጊት ከኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው አለመሞቱ ነው ያስቆጣህ? አልሀምዱሊላህ በል እንጂ!» ብለው ገሠጿቸው። ያኔ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ሳቀ፣ ባለ ግማሽ ፂሙ ሰውዬ ፊቱን ዳሰሰና እሱም ሳቀ። የሚያለቅሱም ነበሩ፤ ሳቅና ለቅሶው ተደባልቆ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ራህመት ግን አልሳቀችም። አሁንም የሚመጣውን ሰው እያየች «ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ ወዴት ነው የሚሮጡት?» አለችኝ።

«ወደ እኛ።»

«ለምን?»

«የሆነ ነገር የሆንን መስሏቸው።»

«አንድ ነገር ሲሆን ወደዚያው ይሮጣል እንዴ?» አለች። የመለሰላት አብዱ ነው። ድምፁ ያ የሱቁ ድምፅ አልነበረም። «እኔ ያን ቀንም እንዲያ ነበር የሮጥኩት» አላት። «እጅሽ ሲያመልጠኝ ከኋላ የቀረሽ መስሎኝ ሰዉ ሁሉ ሲወርድ እኔ ዳገቱን ወጣሁ። አንቺ ቀድመሽ ወርደሽ፣ እኔ ወደ ኋላ ስፈልግሽ ነው የተጠፋፋነው። ተውኩሽ መስሎሽ ነበር?» ራህመት እጁን ይዛ ወደ ግቢው ዞረችና ከሕዝቡ ጋር ገባች። ደወል ከተሰማ በኋላ ወደ ውስጥ ስትገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

ድንኳን ተጭኖ ከመጣ መመለሱ ገድ አይደለም ተባለና ግቢው መሐል ተተከለ። ልቅሶ ቤት ነው ብለው ንፍሮ ቀቅለው የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ንፍሮውን ልጆቹ እየተሻሙ ጨረሱት። ሽማግሌዎቹ ዱአ አደረጉ፤ ቄሱም መረቁ። ጋሽ ይመር «አፉ በሉኝ» እያለ ከሰው ሰው ዞረ፤ ሁሉም አፉ አሉት፣ ጡሩምባውን ግን ለሟች ብቻ እንዲያደርገው አስማሉት። ለልጆቹ ደግሞ ቅሬው ሌላ ወሰነ፦ ሰዓቱ ሲደርስ ባለሱቆቹ በአፍ ይጥሩ። ከዚያ ወዲያ ሽንኩርት ሻጯ «ልጆች ግቡ!» ትላለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ይቀበላል፣ ከሱ አብዱ ይቀበላል፤ ጥሪው ከሱቅ ሱቅ ሲሄድ ከተማው ራሱ ልጅ የሚያስገባ ይመስል ነበር። ስንቱ አርፋጅ ከሻይ ቤት በጆሮው እየተጎተተ እንደመጣ አልነግራችሁም።

ራህመት በአንድ ቀን ዳነች አልልም። ኮሽ ሲል አሁንም ትነሳ ነበር፤ ግን በሩ ላይ ቆማ ሰዉ ወዴት እንደሚሮጥ ታያለች፤ የሚሮጥ ከሌለ ትመለሳለች። የቢስቲማው ነገር ቀረ። በኋላ ባለሙያዋ ተመልሳ ስትመጣ ቸርኬውን ሰቀልነው፤ መምቻውን በአብዱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልለን ልጆቹ ራሳቸው በተራ እንዲመቱት አደረገች። ጨርቁን በየጊዜው እያሳሳን፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ብረቱ ቀረ። በባዶው ብረት መጀመሪያ የመታችው ራህመት ናት። ጋሽ ይመር ጆሮውን ይዞ «ቀስ! ከተማውን ልታስወጭ ነው?» ሲላት፣ «አንተን አላክልም» አለችው።

እንግዲህ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ላይ ያሳቀን ይኼ ነው። ከአባቷ ጋር ጨርቅ ሊያመጡ ወርደው ነው ያገኘችኝ። ለልጆቹ ስንል ቸርኬውን ስናወርድና ስንሰቅል፣ የእኔን ደወል ያወረደልኝ እንዳልነበረ ያወቅሁት ገና ያን ቀን ነው። ሳቄ ሲያልቅ ዓይኔ አሁንም የምሮጥበትን አቅጣጫ ይፈልግ ነበር፤ አየችኝ። «አብሽሩ ቲቸር። መጀመሪያ ሰዉ ወዴት እንደሚሮጥ ይዩ እንጂ» አለችኝ። ዞሬ አየሁ። ሰዉ ወደ መኪናው ነበር የሚሮጠው፤ አንዱ ለጎማው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሻይ ሻጯ ለሾፌሩ ውኃ ይዛ፣ ሁለት ሕፃናት ደግሞ የእኔን ሎሚ እየለቀሙ። ራህመት ጎንበስ ብላ ጫማዬን አጠለቀችልኝና እጄን ይዛ ወደዚያው መለሰችኝ። እኔ ለመድረስ ልፋጠን ብል ያዝ አደረገችኝ።

«ቀስ ይበሉ ቲቸር» አለችኝ። «ከኋላ ብንሆንም አንጠፋም።»